ለባዮሎጂ መጽሐፍ አዘጋጆችና «ይቺን ቤታችሁ አንብቧት» ለሚሉ መምህራን

ውድ አዘጋጆች፣ ውድ መምህራን፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ ነጥብ የተነሳ ነው።

የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። ባለፈው የባዮሎጂ ፈተና የሴት የመራቢያ አካላትን ስለው ክፍሎቹን እንዲሰይሙ ታዘዙ። ሳለች፣ ሰየመችም። አንድ ነገር ግን ከመጽሐፉ ቀየረች። መጽሐፉ ላይ የማህፀን ቱቦው ጫፍ ከኦቫሪው፣ እንቁላል ከሚወጣበት ዕጢ፣ ራቅ ብሎ ቆሟል። እሷ ጫፉን እንደ ጣት ዘርዝራ ኦቫሪው ላይ አሳረፈችው። አጠገቡም «ይንቀሳቀሳል» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ «እንደ መጽሐፉ!» ተብሎበታል። ከአስር ዘጠኝ።

ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ያንን የነገርኳት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈተናው በፊት ደብተሯን ይዛ መጣችና ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳረፈች። «አክስቴ፣ እንቁላሉ ያለው እዚህ ነው። ቱቦው የሚጀምረው ደግሞ እዚህ። መሃሉ ክፍት ነው። እንቁላሉ ዘሎ ነው የሚገባው?» ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ፤ መልሱን አላውቀውማ! ይህንኑ ሥዕል እኔ በተራዬ ከአስር አስር አግኝቼበታለሁ። የኛ መምህር እዚህ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን አጠፍ አደረጉና «ይቺን ቤታችሁ አንብቧት፤ ፈተና ላይ ትመጣለች» አሉን። የኋላ ወንበር ወንዶች ተሳሳቁ። እኛ ሴቶቹ አንገታችንን ደፋን። በማግስቱ ስለ ዕፅዋት ሥር ተማርን። ስሞቹን ሸምድደን፣ ፈተናውን አልፈን፣ ረሳናቸው።

እናም ለአንዲት ልጅ ጥያቄ መልስ ፍለጋ በዚህ ዕድሜዬ ማንበብ ጀመርኩ።

እንቁላሉ አይዘልም። ቱቦው ነው የሚመጣለት። ቱቦውና ኦቫሪው አልተሰፉም፤ በመካከላቸው ክፍተት መኖሩ እውነት ነው። ግን የቱቦው ጫፍ እንደ ጨርቅ ዘርፍ የተተለተለ ነው። እንቁላል የሚወጣበት ሰዓት ሲቃረብ እነዚያ ዘርፎች ኦቫሪውን ከላይ ከላይ ይዳብሱታል። እንቁላሏ ስትወጣ ጠረግ አድርገው ወደ ውስጥ ይወስዷታል። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ጸጉሮች እየገፉ፣ የቱቦው ጡንቻም እየተኮማተረ፣ ወደ ማህፀን ያሻግሯታል። የቱቦው ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉዞው ግን ቀናት ይፈጃል። አንዳንዴ ደግሞ የግራው ኦቫሪ ያወጣትን እንቁላል የቀኙ ቱቦ ይወስዳታል። አንድ ኦቫሪና በተቃራኒው በኩል አንድ ቱቦ ብቻ የቀራቸው ሴቶች ማርገዛቸው የታወቀ ነው።

ይህን ስነግራት አንድ እጇን ጨበጠች። በሌላው እጇ ጣቶች ጭብጡን ዳበስ ዳበስ አደረገችና «እንዲህ?» አለችኝ። አዎ፣ ልክ እንዲህ። ከዚያ ሄዳ ፈተናው ላይ ሳለችው።

መምህሯን አልወቅስም። ስልሳ ወረቀት የሚያርም ሰው መጽሐፉን ይዞ ማረሙ አይደንቅም። ጥያቄዬ ለመጽሐፉ ነው። ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ውሸት አላገኘሁበትም። የቱ የት እንዳለ በደንብ ይናገራል። የቱ ምን እንደሚባልም ይናገራል። «መቼ» የሚለው ነገር ግን፣ ኋላ ከማነሳት አንዲት ቁጥር በቀር፣ የለበትም። ሁሉም ነገር ፎቶ ለመነሳት እንደተሰለፈ ቤተሰብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የመራቢያ አካል ደግሞ ከሌላው የሰውነታችን ክፍል የሚለየው በጊዜ ነው። ልብ ከመወለድ እስከ ሞት አንድ ሥራ ይሠራል። ይሄኛው ዓመታት ይተኛል፣ ይነቃል፣ በወር ይዞራል፣ በሴቷ ደግሞ አንድ ቀን ያቆማል።

እንቁላሏን እንያት። መጽሐፋችሁ «ኦቫሪ እንቁላል ያመርታል» ይላል። በየወሩ አዲስ የምትሠራ ይመስላል። አይደለም። ሴት ልጅ ገና ፅንስ ሆና፣ አምስተኛው ወር አካባቢ፣ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚሆኑ የእንቁላል ህዋሳት አሏት። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ቀርተዋል። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300,000 ወይም 400,000 ገደማ። ከነዚህ በሕይወት ዘመኗ የሚወጡት ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። የቀሩት በዝምታ ይከስማሉ። የሚገርመው ደግሞ እነዚህ ህዋሳት የመጨረሻ ክፍፍላቸውን ጀምረው፣ መንገድ ላይ አቁመው፣ መጠበቃቸው ነው። አንዳንዷ 15 ዓመት ትጠብቃለች። አንዳንዷ 40። የምትቀጥለው የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ነው። የምትጨርሰው ደግሞ ስፐርም፣ የወንዱ ዘር ህዋስ፣ ሲገባባት ብቻ ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እናቴ እህቴን አርግዛ በነበረበት ጊዜ፣ የእህቴ ልጅ የተገኘችባት እንቁላል እዚያው እናቴ ሆድ ውስጥ፣ በእህቴ ሆድ ውስጥ ነበረች። ሦስቱም በአንድ ሰው ቆዳ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ለእናቴ ስነግራት «እኔማ ድሮም ከብዶኝ ነበር» አለች። ክፍል ውስጥ እንዲህ ተብሎ ቢነገረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልረሳሁት።

የወንዱ ሰዓት ሌላ ነው። እዚያ የተቆጠረ ክምችት የለም። ከጉርምስና ጀምሮ በየሰከንዱ ከ1,000 በላይ ስፐርም ይሠራል፤ እስከ እርጅናም ይቀጥላል፣ በዕድሜ እየቀነሰ ቢሄድም። አንዱ ስፐርም ግን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ከ64 እስከ 74 ቀን ይወስዳል። ከዚያ ከዘር ፍሬው ጀርባ በተጠቀለለች፣ ቢዘረጓት 6 ሜትር በምትደርስ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተጨማሪ ቀናት ይቆያል። ዋና የሚለምደው እዚያ ነው። ሲገባ መዋኘት አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ከባድ ትኩሳት የያዘው ሰው ጉዳቱ በምርመራ የሚታየው ከሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። ዛሬ አንድ ነገር ያስተካከለ ሰውም ውጤቱን ነገ አያየውም። ይህን ለመረዳት «64 እስከ 74 ቀን» የሚል አንድ መስመር በቂ ነበር። መጽሐፉ ላይ የለም።

የዘር ፍሬ ለምን ከሆድ ውጭ እንደተንጠለጠለም አንድ ቃል የለም። ሙቀት ነው ምክንያቱ። ስፐርም በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። ሲበርድ ጡንቻ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። ወንድ ልጅ ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ግን ማንንም አልጠየቀም። ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ መታየቱም በብዙዎች ዘንድ ያለ ነው። በዚህ የተጨነቀ ስንት ጎረምሳ ይኖራል መሰላችሁ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጥግ ላይ እጥፍ ብሎ ተቀመጠ። ቲቸር «ምን ሆንክ?» አለችው። «ሆዴን» አለ። ክኒን ተሰጠው። ከሰዓት አስመለሰው። ማታም ለወላጆቹ «ሆዴን» አላቸው። ሐኪም ቤት የደረሰው በማግስቱ ነው። ሆዱ አልነበረም። የዘር ፍሬው በተንጠለጠለበት ጅማት ላይ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ነበር። ይህ ነገር በብዛት የሚያጋጥመው ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። በድንገት ይመጣል፣ ሕመሙ ከባድ ነው፣ ሐኪሞች ፍሬውን የማዳን ጥሩ ዕድል የሚኖራቸው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ ነው። እሱ አንዱን አጣ። በቀረው አንድ ፍሬ መውለድ ይቻላል፤ ኋላም አባት ሆኗል። ግን ያን ቀን ጠዋት «ቆለጤን አሞኛል» ብሎ መናገር ነውር ባይሆንበት ኖሮ ሁለቱም ይኖሩት ነበር ብዬ አስባለሁ። ቃሉን ያውቀዋል። ያላገኘው ቃሉን ከመምህር ፊት የሚያወጣበት ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው መምህሩ ራሱ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ነው።

ስለ ቃል ከተነሳ፣ በሴቷ በኩል ያለው ይብሳል። ሁሉም ነገር «ብልት» ነው። ውጭ የሚታየውም ብልት፣ የውስጡ መተላለፊያም ብልት። ሽንት የሚወጣበት ቀዳዳ ለብቻው መሆኑን ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ አያውቁም። ሦስት ናቸው፦ የሽንት፣ የብልት፣ የሰገራ። ሐኪም «የት ጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «እዚያ ጋ» የምንለው ለዚህ ነው። አንዱ ክፍል ደግሞ ሥዕሉ ላይም የለም። ቂንጥር። ይኸው ጻፍኩት፤ ምንም አልሆነም። ከውጭ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ወደ ውስጥ በሁለት ክንፍ ተዘርግቷል። ይህን በጥንቃቄ የገለጸችው ሄለን ኦኮኔል የምትባል አውስትራሊያዊት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፤ ጽሑፏ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እስቲ አስቡት፤ ሰው ጨረቃን ከረገጠ 29 ዓመት በኋላ። የወንዱን ብልት በዝርዝር ስላችሁ ይሄንን መተዋችሁ ቦታ ጠቦ ነው እንዳልል፣ ገጹ ግማሹ ባዶ ነው።

ደግሞ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ፅንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ወንድም ይሁን ሴት በመራቢያ አካሉ አይለይም። አንድ ዓይነት ጉብታ፣ አንድ ዓይነት እጥፋት አለው። ዋይ በሚባለው ክሮሞሶም (ዘረመል ተሸካሚ ክር) ላይ ያለ አንድ ዘረመል፣ ኤስ አር ዋይ የሚባለው፣ ሲሠራ ዕጢዎቹ ወደ ወንድ የዘር ፍሬነት ይሄዳሉ። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ኦቫሪ ይሆናሉ። ዘረመሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ያው ጉብታ በአንዱ የወንድ ብልት፣ በሌላዋ ቂንጥር ይሆናል። ያው እጥፋት በአንዱ የፍሬ ከረጢት፣ በሌላዋ የብልት ከንፈር ይሆናል። ተፈጥሮ ሁሌ በሁለት ሰልፍ ብቻ አትሄድም፤ በመሃል የሚወለዱ ልጆችም አሉ። ሁለቱን ሥዕሎች በተለያየ ገጽ ከማስቀመጥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በቀስት ብታገናኟቸው ግማሹ ሽምደዳ በቀረ ነበር።

ክሮሞሶም ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ይዛለች። ስፐርም ግን ወይ ኤክስ ወይ ዋይ ይዞ ይመጣል። ወንድ ወይም ሴት መሆን የሚወሰነው በደረሰው ስፐርም ነው። የፆታ ክሮሞሶም ነገር እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ በኔቲ ስቲቨንስ ጥናት ግልጽ ሆኗል፤ ያወቀችው ጥንዚዛ አጥንታ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሴት ልጅ ብቻ ወለድሽ ተብላ የምትወቀስ ሴት ግን ዛሬም አለች። ወቃሹ ሰውዬ ይህን ምዕራፍ ተፈትኖ ያለፈ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ኤክስ ኤክስና ኤክስ ዋይ የሚል ሰንጠረዥ ሰጥቶታል፤ «ስለዚህ እናቲቱን አትውቀስ» የሚለውን ግን ራሱ እንዲያወጣው ተወው። አላወጣውም።

አሁን ወደ 14ኛው ቀን ልምጣ። በጣም ያናደደኝ እሱ ነው።

መጽሐፉ ላይ አንድ ክብ ሰዓት የመሰለ ሥዕል አለ፤ 28 ቀን ተከፍሎበታል፤ 14ኛው ላይ ቀይ ነጥብ። ከሥሩ «በ14ኛው ቀን እንቁላል ይወጣል» ይላል። ልጆቹ ይህን እንደ ሕግ ይዘውት ይወጣሉ። 28 ግን አማካይ ለማሳየት የተወሰደ ቁጥር ነው። የአዋቂ ሴት ዑደት ከ21 እስከ 35 ቀን ቢዞር ጤነኛ ነው። የወር አበባ በጀመረች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለች ልጅ እስከ 45 ቀንም ሊሄድባት ይችላል። የሚለዋወጠው በአብዛኛው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከወጣ በኋላ እስከሚቀጥለው የወር አበባ ያለው ወደ 14 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ ቆጠራው ከኋላ ነው። በ35 ቀን ለምትዞር ሴት 21ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። በ24 ቀን ለምትዞር 10ኛው ቀን አካባቢ። የሚቀጥለው የወር አበባ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ደግሞ ይህም ግምት ነው።

ላዩ ላይ ሌላ ነገር ጨምሩበት። የወጣች እንቁላል ዕድሜዋ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ስፐርም ግን ምቹ ጊዜ ከሆነ በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ስለዚህ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልበት ጊዜ ስድስት ቀን ያህል ነው፤ እንቁላል የምትወጣበት ቀን የመጨረሻው ሆኖ። በ24 ቀን የምትዞረዋ ሴት መስኮቷ የሚከፈተው 5ኛው ቀን አካባቢ ነው። ደሟ ገና ሳይቆም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «የወር አበባ ላይ ከሆነች ምንም አይፈጠርም» የሚለውን ወሬ ያስተማራችሁት እናንተ አይደላችሁም። ቀይ ነጥባችሁ ግን ወሬውን ደግፎ ቆሟል።

ያች ክብ ሥዕል የምትነግረን «ቆሻሻ ደም» ስለሚባለው ነገርም ብዙ የለም። ደሙ ከማህፀን ግድግዳ የተላጠ፣ ለእርግዝና ተዘጋጅቶ የነበረ ሽፋን ነው። መጠኑ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ብዙ የሚመስለው ስለሚረጭ ነው። ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ ግን ብዙ ነው ይባላል፤ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ቁርጠቱ ደግሞ «የሴት ነገር» አይደለም፤ ስም አለው። ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትሩታል። አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ራሷን እስክትስት ድረስ ካመማት መታየት አለባት እንጂ «ቻይው» አይባልም። በነገራችን ላይ ከአጥቢ እንስሳት የወር አበባ የሚያዩት ጥቂት ናቸው፤ ሰው፣ አንዳንድ ጦጣዎች፣ አንዳንድ የሌሊት ወፎች፣ ጥቂት ሌሎች። የሌሊት ወፍ! ይህን ክፍል ውስጥ ብትናገሩ የኋላ ወንበሮቹ ሳይቀሩ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር።

የስፐርሞቹ ሩጫ የሚባለውም እንዲሁ ነው። ሁላችንም ሰምተነዋል። ሚሊዮኖች ይሮጣሉ፣ ጀግናው ይቀድማል፣ እንቁላሏ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጥሩ ተረት ነው። ስፐርም ግን እንደገባ ወዲያው እንቁላል መክፈት አይችልም። ሴቷ አካል ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ ሽፋኑ መለወጥ አለበት። ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 ሚን ቹ ቻንግና ኮሊን ኦስቲን የሚባሉ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደርሰውበታል። ስለዚህ በጣም ቀድሞ የደረሰው ጀግና ገና ያልበሰለ ሊሆን ይችላል። የማህፀን በር ላይ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ በአብዛኛው ወሩ ወፍራም ሆኖ ይዘጋል፤ እንቁላል የምትወጣበት ሰሞን ይቀጥንና ያሳልፋል። የማህፀን ጡንቻም እየተኮማተረ ወደ ላይ ይወስዳቸዋል። ከሚሊዮኖቹ እንቁላሏ አጠገብ የሚደርሱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቢሆኑ ነው። አንዱ ሲገባ እንቁላሏ ራሷ ሽፋኗን አጠንክራ ሌሎቹን ትዘጋለች። ተቀምጣ የጠበቀች አትመስለኝም።

ይህ ተረት ከየት እንደመጣ ሳነብ ደግሞ ታሪኩ ራሱ አስገረመኝ። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ስፐርምን በማይክሮስኮፕ ያየው እ.ኤ.አ. በ1677 ነው። የዘር ፈሳሽ ጉዳይ ስለሆነ አፍሮ ነበር። ለንደን ላለው ሮያል ሶሳይቲ ለሚባል የሳይንስ ማኅበር ሲጽፍ፣ ነገሩ ለምሁራን አስነዋሪ መስሎ ከታያችሁ በምስጢር ያዙት፣ ማሳተሙንም ማጥፋቱንም እንደፈቀዳችሁ አድርጉ ብሎ ለመነ። አላጠፉትም፤ አሳተሙት። የሴቷ እንቁላል ግን፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችው፣ ስለታም ዓይን ያለው ሰው ያለ መሣሪያ ሊያያት የሚችለው፣ በአጥቢ እንስሳ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው፤ ካርል ኤርንስት ፎን ቤየር ከውሻ ኦቫሪ ውስጥ አገኛት። መሃሉ 150 ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዳንዶች ስፐርሙ ራስ ላይ የተጨማደደ ትንሽ ሰው ተቀምጧል ብለው ይስሉ ነበር። ሁለቱ ሲዋሃዱ የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1876 ነው፤ ኦስካር ኸርትቪግ በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ። ሰው በአፍረትና በግምት መካከል ሆኖ ይህን ምዕራፍ ለመጻፍ 200 ዓመት ፈጅቶበታል። እኛ በአንድ ቅጠል እናልፈዋለን።

ስለ ድንግልና የሚባለው ሽፋን ብዙ አልልም። የታተመ በር አይደለም፤ ቅርጹ ከሴት ሴት የሚለያይ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ስስ ሥጋ ነው። አይቶ ማንም ስለማንም ምንም መናገር አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ «የድንግልና ምርመራ» ሳይንሳዊ መሠረት የለውምና ይቁም ብሏል። አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ያችን አንድ አንቀጽ ግን ጻፏት።

መካንነትም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ያጋጥመዋል። ከጥንዶቹ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት። መመርመር ያለባቸው ሁለቱም ናቸው፤ የወንዱ ምርመራ ደግሞ ቀላሉ ነው። ይህ ዕውቀት ከምዕራፉ ወጥቶ ሐኪም ቤት በር ላይ ነው የሚገኘው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ብቻዋን ለዓመታት ከተመላለሰች በኋላ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሥዕሉን አትጣሉት፤ ግን ሁለት አድርጉት፣ «ከመውጣቷ በፊት» እና «ስትወጣ» ብላችሁ። 14 ከሚለው ቀይ ነጥብ ይልቅ ሦስት ዑደቶችን፣ አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም፣ አንዱን ከሌላው ሥር አድርጋችሁ አሳዩ። ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ። ጉርምስናን በዓመት ጻፉት፦ ሴቶች ላይ ከ8 እስከ 13፣ ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው መሃል ይጀምራል። ምዕራፉ ክፍል ውስጥ የሚደርሰው ልጆቹ 14 ሲሞላቸው ከሆነ፣ ለብዙዎቹ ባቡሩ ሄዷል። ሕልመ ሌሊትን በስሙ ጥሩት። ማረጥንም ጨምሩ፤ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ 12 ወር ያለማቋረጥ የወር አበባ ሲቀር ነው የሚባለው። የተማሪዎቹ እናቶች እዚያው ዕድሜ ላይ ናቸውና ቤት ውስጥ የሚያዩትን ነገር ይገባቸዋል።

እናንተ መምህራን ደግሞ፣ እባካችሁ አትዝለሏት። ልጆቹ ሲስቁ ይሳቁ። የኛ ክፍል ቢስቅ ኖሮ አምስት ደቂቃ ይስቅ ነበር፤ ከዚያ ይሰለቸውና ያዳምጥ ነበር። እናንተም ብታፍሩ ችግር የለውም፤ ሌቨንሁክም አፍሯል፤ ግን ላከው።

የእህቴ ልጅ ነጥቧን አልጠየቀችም። እንዲያውም ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። አሁን ሌላ ጥያቄ ይዛለች። መጽሐፉ ስለ እንግዴ ልጅ «ምግብና አየር ከእናት ወደ ፅንስ ያስተላልፋል» ይላል፣ በቃ። እሷ ደግሞ «የማን ነው? የእናትየዋ ነው ወይስ የልጁ?» ትላለች። አብዛኛው የልጁ ነው፤ ልጁ ከተገኘባት ከዚያችው እንቁላል ነው የሚበቅለው፤ የእናቲቱ ድርሻ የሚያርፍበት ወገን ነው። የእርግዝና መመርመሪያ የሚለየው ሆርሞንም የሚመነጨው ከልጁ ወገን ነው። ይህንን ነግሬያታለሁ። ሰኞ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች፤ ተዘጋጅታችሁ ጠብቋት።

ከአክብሮት ጋር፣
ምዕራፉ የተዘለለባት የቀድሞ ተማሪ